ዊሊያም ጄምስ፤ ራሱን ፈልጎ ያጣ፥ ሠርቶ ግን ያገኘ መምህር

የፈተና ውጤት በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በተለጠፈ ዕለት ተማሪዎች የሚያሳዩትን ሁናቴ ያልተመለከተ የለም። አንዱ ስሙን ፈልጎ ቁጥሩን ካየ በኋላ ቁመቱ የጨመረ ይመስለዋል፤ ሌላው አንገቱን ደፍቶ፥ ጓደኞቹ እንዳያዩት በግድግዳው ጥግ ጥግ ይሄዳል። ያ ተማሪ ትናንት የነበረው ሰው ነው፤ ዕውቀቱም በአንድ ሌሊት አልቀነሰም። ነገር ግን በሰሌዳው ላይ የተጻፈው ቁጥር ስለ አንድ ትምህርት ሳይሆን ስለ ራሱ ስለ ሰውየው የተሰጠ ፍርድ መስሎ ይታየዋል። እኛም ከዩኒቨርሲቲ ከወጣን ገና ብዙ ዘመን ስላልሆነን፥ ይህን በወሬ ሳይሆን በራሳችን ደርሶ እናውቀዋለን።

ትምህርቱን ጨርሶ ወደ መሥሪያ ቤት የገባው ወጣትም ቢሆን ከዚህ ስሜት አላመለጠም። አለቃው ጧት ሰላም ሳይለው ካለፈ ቀኑን ሙሉ ምን አጠፋሁ እያለ ይብሰለሰላል፤ አብሮት የተማረው ጓደኛው ዕድገት ማግኘቱን የሰማ ዕለት ደግሞ የራሱ ወንበር ዝቅ ያለ ይመስለዋል። ይህ ሁሉ ወደ አንድ ጥያቄ ይመለሳል። ይኸውም፥ እኔ የምለው ምንድን ነው? ዋጋውስ በምን ይለካል? የሚለው ነው። ይህን ጥያቄ በሥነ ልቡና ትምህርት መንገድ ከመረመሩት ቀደምት ሊቃውንት አንዱ አሜሪካዊው ዊሊያም ጄምስ ነው። የሕይወቱን ታሪክ ለአንባቢዎቻችን ለማቅረብ የወደድነው ግን ሊቅ ስለ ነበረ ብቻ አይደለም፤ ሊቅ ከመሆኑ አስቀድሞ ምን እንደሚሆን ያላወቀ፥ የትምህርት ዓይነት ሲለዋውጥ የኖረ፥ በራሱም ተስፋ እስከ መቍረጥ የደረሰ ተማሪ ስለ ነበረ ነው።

ዊሊያም ጄምስ በጥር ወር 1842 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ከተማ ተወለደ። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው። አያቱ ከአየርላንድ ወደ አሜሪካ ተሰዶ በንግድ እጅግ የበለጸገ ሰው ስለ ነበረ፥ አባቱ ሄንሪ ጄምስ ደመወዝ ፍለጋ ሳይወጣ በማንበብና በመጻፍ የሚኖር ነበር። አባትየው በልጅነቱ ደርሶበት በነበረ የእሳት አደጋ አንድ እግሩን አጥቷል፤ ይሁን እንጂ አንድ ቦታ ረግቶ መቀመጥን አያውቅም። ልጆቹንም ከአንዱ ትምህርት ቤት ወደ ሌላው፥ ከአንዱ አገር ወደ ሌላው ያዛውራቸው ነበርና፥ ዊሊያም በኒው ዮርክ፥ በለንደን፥ በፓሪስ፥ በቡሎኝ፥ በጄኔቭና በቦን ተምሯል። ከአምስቱ ልጆች ዊሊያም የበኵር ልጅ ሲሆን፥ ተከታዩ ሄንሪ በእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ድርሰት ስሙ የገነነ ደራሲ ሆነ፤ የመጨረሻዪቱ እኅታቸው አሊስም ጽፋ በተወችው የዕለት ማስታወሻ ትታወቃለች።

ልጆቹ በዚህ አኗኗር ብዙ ቋንቋና ልዩ ልዩ ዕውቀት ገበዩ። አንድ ነገር ጀምሮ መጨረስን ግን የሚለማመዱበት ጊዜ አላገኙም። አባትየውም ልጆቹ የሥራ መስክ ለመምረጥ እንዲቸኩሉ የሚወድ አልነበረም።

ዊሊያም በ18 ዓመቱ ሠዓሊ ለመሆን አስቦ በኒውፖርት ከተማ ዊሊያም ሀንት ከሚባል ሠዓሊ ዘንድ ገባ፤ አንድ ዓመት ያህል ከሠራ በኋላም ቡሩሹን አስቀመጠ። በ1861 ዓ.ም. በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ወደሚገኘው የሳይንስ ትምህርት ቤት ገብቶ ኬሚስትሪ ጀመረ። በዚያው ዓመት የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ስለ ተነሣ ሁለቱ ታናናሽ ወንድሞቹ በየጊዜው ዘመቱ፤ አንደኛውም በ1863 ዓ.ም. በጽኑ ቈሰለ። ዊሊያም ግን በትምህርት ቤት ቀረ። ኬሚስትሪውንም ትቶ ወደ አካላት ጥናት ተሻገረ፤ በ1864 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ሕክምና ትምህርት ቤት ገባ። በሚቀጥለው ዓመት ያንንም አቋርጦ ሉዊ አጋሲ ከሚባለው ዝነኛ የተፈጥሮ ተመራማሪ ጋር ዓሣና ሌሎች ፍጥረቶችን ለመሰብሰብ ወደ ብራዚል፥ ወደ አማዞን ወንዝ ሄደ። በሪዮ ደ ጃኔሮ ቀላል የፈንጣጣ ዓይነት ይዞት ተኛ፤ ዓይኑም ታመመ። ከዚያ ጕዞ የተማረው ነገር ቢኖር ፍጥረት ለቃቅሞ መደርደር የእርሱ ሥራ አለመሆኑን ነው።

ሁለት ባላ ትከል፥ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ይላል ያገራችን ተረት። ዊሊያም ጄምስ ግን አራት አምስት ባላ ተክሎ በአንዱም ሳይንጠለጠል ቀረ። ጀርባውን ስለ ታመመ በ1867 ዓ.ም. ወደ ጀርመን አገር ሄዶ በፍል ውሃ እየታከመ አንድ ዓመት ተኩል ያህል ቈየ። በዚያ አገር የሰውን ስሜትና አሳብ በመሣሪያ ለመለካት የሚሞክር አዲስ ትምህርት መጀመሩን ሰማ፤ መጻሕፍቱንም አነበበ። ወደ አገሩ ተመልሶ በ1869 ዓ.ም. የሐኪምነት ዲፕሎማውን ተቀበለ፤ ነገር ግን በሕይወቱ ሙሉ በሐኪምነት አልሠራም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንሸሽግ መናገር ይገባናል። ጄምስ ይህን ያህል ዓመት ሲንከራተት የቤቱ ወጪ በአባቱ ሀብት ይሸፈን ነበር። ወላጆቹ ካላቸው ቀንሰው የሚያስተምሩት ተማሪ፥ ወይም በመጀመሪያው ደመወዙ ታናናሾቹን የሚረዳ ወጣት ሠራተኛ እንዲህ ያለ ጊዜ የለውም። ስለዚህ የጄምስን መንከራተት እንደ ምሳሌ ተከተሉት ብለን አናቀርበውም። የምናቀርበው ከመንከራተቱ የወጣበትን መንገድ ነው።

ዲፕሎማውን ከተቀበለ በኋላ ያለው ጊዜ በሕይወቱ ውስጥ እጅግ የጨለመው ነበር። ዓይኑ ማንበብ፥ ጀርባው መቀመጥ እንቢ አለው፤ ራሱን ስለ ማጥፋት እስከ ማሰብ ደረሰ። ብዙ ዘመን ቈይቶ በ1902 ዓ.ም. ባሳተመው የሃይማኖት ስሜትን በሚመረምር መጽሐፉ ውስጥ የአንድ ሰው ታሪክ ጽፏል። ያ ሰው አንድ ቀን ሲመሽ በአእምሮ ሕሙማን ቤት ያየው በሽተኛ በድንገት ትዝ አለውና፥ ከዚያ በሽተኛ የሚለየኝ እርግጠኛ ነገር ምንድን ነው ብሎ በፍርሃት ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያም በኋላ ለብዙ ጊዜ ብቻውን ወደ ጨለማ ለመውጣት ይፈራ ነበር። ጄምስ ታሪኩን የአንድ ፈረንሳዊ አስመስሎ ቢያቀርበውም፥ በእርሱ በራሱ ላይ የደረሰ መሆኑ በኋላ ታውቋል።

ይህን ሰው ያስጨነቀው ሕመሙ ብቻ አልነበረም። በዘመኑ የነበረው ሳይንስ ሰው እንደ መኪና በተፈጥሮ ሕግ የሚንቀሳቀስ ነው ወደ ማለት ያዘነበለ ነበርና፥ እንዲህ ከሆነ የእኔ ጥረት ምን ይጠቅማል የሚል አሳብ አእምሮውን ያዘው። በሚያዝያ ወር 1870 ዓ.ም. ሻርል ሬኑቪዬ የተባለውን የፈረንሳይ ፈላስፋ ጽሑፍ ሲያነብ መውጫ አገኘ። ሬኑቪዬ የሰውን ነጻ ፈቃድ ያየበት ቦታ ትልቅ ጀብዱ በሚሠራበት ሳይሆን፥ ሰው ሌላ አሳብ ማሰብ እየቻለ አንዱን አሳብ መርጦ ይዞ በሚቈይበት ትንሽ ቅጽበት ላይ ነው። ጄምስም በወሩ መጨረሻ ቀን በማስታወሻ ደብተሩ ላይ ውሳኔውን ጻፈ። ነጻ ፈቃድ መኖሩን በማስረጃ እስኪያረጋግጥ መጠበቁን ትቶ፥ አለ ብሎ በመቀበል ሥራውን በዚያው ለመጀመር ቈረጠ። ብዙ መመራመሩንም ለጊዜው አቁሞ፥ ሥርዓት ያለው ልማድ በማበጀት ለመጀመር አሰበ።

አንባቢ ግን በማግሥቱ ድኖ ተነሣ ብሎ እንዳያስብ እንለምናለን። ሕመሙም ኅዘኑም ተመላልሰውበታል። የተለወጠው ነገር አንድ ነው፤ ማን እንደ ሆነ እስኪያውቅ ድረስ ሥራ አለመጀመሩን ተወ። በ1872 ዓ.ም. የሃርቫርድ ፕሬዚዳንት የነበረው፥ ቀድሞ ኬሚስትሪ ያስተማረው ቻርልስ ኤልየት፥ የሰውነት ክፍሎችን አሠራር እንዲያስተምር ጠየቀው። በጥር ወር 1873 ዓ.ም. ማስተማር ሲጀምር 31 ዓመት እየሞላው ነበር። ሌሎች በዚያ ዕድሜ ቤት ሠርተው ልጅ ሲያሳድጉ፥ እርሱ የመጀመሪያ ሥራውን ገና መጀመሩ ነው። በ1875 ዓ.ም. ሥነ ልቡናን ከአካል ጥናት ጋር አያይዞ ማስተማር ጀመረ፤ ለሙከራ የምትሆን አንዲት አነስተኛ ክፍልም አዘጋጀ።

በ1878 ዓ.ም. አሊስ ጊበንስ የተባለች መምህርት አገባ። በዚያው ዓመት ሄንሪ ሆልት ከሚባል አሳታሚ ጋር አንድ የሥነ ልቡና መማሪያ መጽሐፍ በሁለት ዓመት ውስጥ ጽፎ ለማስረከብ ተዋዋለ። ሁለቱ ዓመት ግን 12 ዓመት ሆነ። የሥነ ልቡና መሠረተ ሐሳቦች የተባለው መጽሐፍ በ1890 ዓ.ም. በሁለት ቅጽ ታትሞ ሲወጣ ወደ 1,400 ገጽ ይደርስ ነበር። ከ28ቱ ምዕራፎች ለተማሪ ሕይወት በጣም የሚቀርቡት ስለ ልማድ፥ ስለ እኔነትና ስለ ማስታወስ የተጻፉት ሦስቱ ናቸው።

ስለ እኔነት በጻፈው ምዕራፍ ጄምስ የሚያውቀውን እኔና የሚታወቀውን እኔ ከለየ በኋላ፥ የሚታወቀውን በሦስት ከፈለው። የመጀመሪያው የሥጋና የንብረት እኔነት ነው፤ ሰውነታችን፥ ልብሳችን፥ ቤታችንና ቤተ ሰባችን በዚህ ይገባሉ። ሁለተኛው ሰዎች በልባቸው የያዙት ሥዕላችን ነው፤ በዚህ መልክ አንድ ሰው የሚያውቁትን ሰዎች ያህል ብዙ እኔነት አለው። ሦስተኛው የውስጥ እኔነት ነው፤ አሳባችን፥ ኅሊናችንና ፈቃዳችን ማለት ነው።

ይህን በራሳችን ኑሮ ላይ እናሳየው። አንድ ተማሪ ለበዓል ወደ አገሩ ሲገባ ለእናቱ ዛሬም ያው ሕፃን ነው፤ ለታናሽ ወንድሙ ሊቅ፥ ለጎረቤት የከተማ ሰው፥ በክፍሉ ውስጥ ደግሞ ከኋላ ተቀምጦ የማይናገር ልጅ ነው። ከእነዚህ የትኛው ነው እውነተኛው ብሎ መጨነቅ አያሻም፤ ሁሉም የእርሱ ናቸው። ስሕተቱ የሚመጣው ከብዙዎቹ አንዱን፥ ያውም ያፈረበትን ብቻ ይዞ፥ እኔ ማለት ይህ ነኝ ያለ እንደ ሆነ ነው። አዲስ ጫማ ሲያደርግ ደረቱ የሚነፋ፥ ጫማው ሲያረጅ የሚሸማቀቅ ወጣትም የመጀመሪያውን እኔነት ከሦስተኛው ጋር አምታትቷል።

ስለ ራስ ግምት የጻፈውን ደግሞ ጄምስ እንደ ሒሳብ ክፍልፋይ አድርጎ አሳይቶታል። ከላይ በሥራ ያገኘነው ውጤት ይጻፋል፤ ከታች እሆናለሁ ብለን ለራሳችን የቈረጥነው ምኞት ይጻፋል። ሰው ለራሱ የሚሰጠው ግምት ላይኛው ለታችኛው ተካፍሎ የሚገኘው ነው። ለምሳሌ ያህል ሁለት ተማሪዎች በአንድ ፈተና እያንዳንዳቸው 70 አገኙ እንበል። 60 የጠበቀው እየዘለለ ሲሄድ፥ 95 የጠበቀው እራቱን ሳይበላ ይተኛል። ቁጥሩ አንድ ሲሆን ስሜቱ የተለያየው በታችኛው ቁጥር ምክንያት ነው። ስለዚህ ግምታችን የሚያድገው ወይ ሥራችን ሲጨምር ነው፥ ወይ የማይገባን ምኞት ሲቀነስ ነው። ጄምስ ራሱን ምሳሌ አድርጎ ሲያስረዳ፥ በሥነ ልቡና ዕውቀት ሌላ ሰው ቢበልጠው እንደሚያፍር፥ ግሪክኛ አለማወቁ ግን ምንም እንደማያሳፍረው ገልጧል፤ የግሪክኛ ሊቅ ለመሆን አልተነሣምና።

ይህን የሰማ ሰነፍ ተማሪ፥ እንግዲያስ ምንም ባልመኝ ምንም አልከፋም ይል ይሆናል። በሒሳብ ትምህርት እንደ ተማርነው ግን ከታች ዜሮ የተጻፈበት ክፍልፋይ መልስ የለውም። ምኞቱን ሁሉ ያጠፋ ሰውም እንዲሁ ነው። የጄምስ ትምህርት ምኞትን አጥፉ ሳይሆን ምረጡ ነው። በእርሱ ውስጥ የነበሩት ሠዓሊ፥ ኬሚስት፥ ሐኪምና የተፈጥሮ ተመራማሪ አንድ ላይ ሊኖሩ አልቻሉም፤ አንዱን ለማሳደግ ሌሎቹን ማሰናበት ነበረበት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው እንዳይሆን፥ ሁሉንም ለመሆን የሚሻ ተማሪ አንዱንም ሳይሆን ይቀራል።

ስለ ማስታወስ ደግሞ ጄምስ በራሱ ላይ ሙከራ አድርጓል። ከቪክቶር ሁጎ ግጥም 158 መስመር በቃሉ አጥንቶ የወሰደበትን ደቂቃ መዘገበ፤ 132 ደቂቃ ያህል ነበር። ከዚያም በየቀኑ ሃያ ደቂቃ ያህል እየሠራ በ38 ቀን የሚልተንን ረጅም ግጥም የመጀመሪያ ክፍል በቃሉ ያዘ። ወደ ሁጎ ተመልሶ ሌላ 158 መስመር ሲያጠና ግን 151 ደቂቃ ተኩል ፈጀበት። በዚያን ጊዜ በሌላ ሥራ ደክሞ እንደ ነበር ሳይሸሽግ ጽፏል፤ ሌሎች ሰዎችም ተመሳሳይ ሙከራ እንዲያደርጉ ጠይቋል። ከዚህ ሁሉ የደረሰበት አሳብ በቃል ማጥናት ብቻውን የማስታወስን ኀይል እንደ ጡንቻ አያዳብርም የሚል ነው። የሚጠቅመው አንዱን ነገር ከብዙ ሌሎች ነገሮች ጋር አያይዞ ማሰብ ነው። ፈተና ሲቀርብ ሌሊቱን ሙሉ የሚያጠና ተማሪ ቶሎ የሚረሳውም ዕውቀቱን ከምንም ጋር ስላላያያዘው ነው። ያንኑ ሰዓት በብዙ ቀናት ከፋፍሎ ማጥናት የተሻለ መሆኑን ከእርሱ በኋላ የተደረጉ ብዙ ጥናቶች አረጋግጠዋል።

ስለ ልማድ የጻፈው ምዕራፍ በ1870 ዓ.ም. በማስታወሻው ላይ የያዘው ውሳኔ ፍሬ ነው ለማለት ይቻላል። ምክሩም አራት ነው። አዲስ ልማድ ሲጀመር በሙሉ ኀይል ይጀመር፤ ሥር እስኪሰድ ድረስ ለዛሬ ብቻ ተብሎ አይታለፍ፤ ውሳኔው እንደ ተወሰነ በመጀመሪያው አጋጣሚ በሥራ ላይ ይዋል፤ የፈቃድን ኀይል እንዳይዝግ በየቀኑ አንድ የማንወደውን ትንሽ ነገር እንሥራ። ሌሊት አሥር ሰዓት እየተነሣሁ አጠናለሁ ብሎ የወሰነ ተማሪ በሦስተኛው ቀን ብርድ ስለ ሆነ ቢተኛ፥ ያጣው የአንድ ቀን ጥናት ብቻ አይደለም፤ በራሱ ቃል ላይ የነበረውን እምነት ጭምር ነው። ቀስ በቀስ ዕንቍላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው ተረታችን ይኸንኑ ያስተምራል።

በዚህ ምዕራፍ ግን ጄምስ የሰው ጠባይ 30 ዓመት ሲሞላው እንደ ደረቀ ኖራ ይጠነክራል የሚል አሳብ ጽፏል። ይህን እኛ ሙሉ በሙሉ አንቀበለውም። ዛሬ ያሉት ጥናቶች የሰው ጠባይ ከዚያም በኋላ መለወጡን እንደማያቆም ያሳያሉ፤ ከሁሉም የሚበልጠው ምስክር ደግሞ በ31 ዓመቱ ሥራውን የጀመረው የጄምስ የራሱ ሕይወት ነው።

መምህርነቱን ለማወቅ ከተማሪዎቹ ሁለቱን እናንሣ። ሜሪ ካልኪንስ በ1890 ዓ.ም. ወደ ጄምስ ክፍል ስትገባ ሌሎቹ ወንዶች ተማሪዎች ስለ ለቀቁ ለብቻዋ ያስተምራት ነበር። በ1895 ዓ.ም. የዶክተርነቱን ፈተና በከፍተኛ ብልጫ አለፈች፤ መምህራኗም መሰከሩላት፤ ይሁን እንጂ ሃርቫርድ ሴት በመሆኗ ማዕርጉን ከለከላት። እርሷ ግን የዩኒቨርሲቲውን እንቢታ በራሷ ላይ እንደ ተሰጠ ፍርድ አልቈጠረችውም። ስለ እኔነት የራሷን ትምህርት አዳበረች፤ በ1905 ዓ.ም. የአሜሪካ የሥነ ልቡና ማኅበር የመጀመሪያዪቱ ሴት ፕሬዚዳንት ሆነች። ሁለተኛው ጥቁር አሜሪካዊው ዊሊያም ዱቦይስ ነው። በ1888 ዓ.ም. ሃርቫርድ ገብቶ ከጄምስ ፍልስፍና ተማረ፤ በቤቱም በእንግድነት ይቀበለው ነበር። በ1897 ዓ.ም. ዱቦይስ ስለ ድርብ ኅሊና ጻፈ፤ ይኸውም ራስን ዘወትር በሚንቅ ሰው ዓይን እየተመለከቱ የመኖር ሥቃይ ነው። መምህሩ ሰዎች ስለ እኛ የያዙት ሥዕል የእኔነታችን ክፍል ነው ብሎ ነበር፤ ዱቦይስ ደግሞ ያ ሥዕል በጥላቻ የተሣለ እንደ ሆነ ምን ያህል እንደሚከብድ አሳየ።

ጄምስ ለመምህራንና ለተማሪዎች ያደረጋቸውን ንግግሮች በ1899 ዓ.ም. በመጽሐፍ አሳተመ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በተራራ ጕዞ ልቡን አድክሞ ነበርና ጤናው አልተመለሰም። በ1907 ዓ.ም. ከማስተማር ተሰናበተ፤ ነሐሴ 26 ቀን 1910 ዓ.ም. በኒው ሃምፕሸር፥ ቾኮሩዋ በሚባል ሥፍራ በነበረው የበጋ ቤቱ በ68 ዓመቱ ዐረፈ።

ከዚህ ሰው ሕይወት የምንወስደው ትምህርት አጭር ነው። እኔነት ተቀምጠው ሲጠብቁት ተዘጋጅቶ የሚመጣ ነገር አይደለም፤ በየቀኑ ከምንመርጠውና ከምንደጋግመው ይሠራል። ስለዚህ ውጤቱን አይቶ አንገቱን የደፋው ተማሪ ዛሬ ማታ እኔ ማን ነኝ እያለ ባይጨነቅ ይሻለዋል። ይልቁንስ በወረቀት ላይ ሁለት ቁጥር ይጻፍ፤ ከላይ ያገኘውን፥ ከታች የጠበቀውን። የታችኛው የእርሱ የራሱ ምኞት ነው ወይስ ጎረቤት ያወጣለት? ብሎ ይጠይቅ። የራሱ ከሆነ፥ የወደቀበትን ትምህርት መጽሐፍ ከፍቶ ግማሽ ሰዓት ያንብብ፤ በማግሥቱም በዚያው ሰዓት ይድገመው። ማን እንደ ሆነ ከዓመት በኋላ የሚነግረው ያ ግማሽ ሰዓት ነው።